በሩፋኤል የቀናሁበት ክረምት

ሞኝነቴን ሌላ ሰው አሳምሮ ከሚያወራብኝ እኔው ልናገር። ሰው በጎረቤቱ በሬ ይቀናል። ልጁ ዓረብ አገር ሠርታ ቆርቆሮ ቤት ባቆመችለት ሰው ይቀናል። እኔ ግን የቀናሁት በሊቀ መልአክ ነው። በቅዱስ ሩፋኤል። ቀንቼ ዝም ብል ደግ ነበር፤ በቅናት ሐኪም ያዘዘልኝን መድኃኒት ደብቄ፣ ሽንት ቤት እንኳ ሚስቴ ደግፋ የምታደርሰኝ ሰው ሆንኩ። ይሄን የምጽፈው እንደኔ ያለ ሰው ሌላ ቦታ ካለ ብዬ ነው። የለም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ካለ ግን ያንብበው።

ሞላ እባላለሁ፣ ሰቆጣ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕድሜዬ ወደ ሃምሳ ነው፤ ሚስቴ ለምለም ግን «ከሆነህ ቆየ» ትላለች። የሚካኤል ማኅበር ሙሴ ነኝ፤ ተራ የማስያዝ፣ የቀረውን የመቅጣት፣ ጽዋውን የማስረከብ ሥራ የኔ ነው። ግድግዳ ለግድግዳ የምንዋሰነው ኪሮስ ማር ነጋዴ ነው፤ እሱ ደግሞ የሩፋኤል ማኅበር ሙሴ ነው። ሚካኤል በየወሩ በአሥራ ሁለት ነው፣ ሩፋኤል በአሥራ ሦስት። ስለዚህ እነኪሮስ ዛሬ የኛን ጠላ ጠጥተው፣ ዳቦውን አመስግነው፣ በማግስቱ የኛን ያስረሳ ድግስ ይደግሳሉ። ይሄ ሃያ ዓመት ያህል ሲያብከነክነኝ የኖረ ነገር ነው።

እኔና ኪሮስ ስንገናኝ ክርክራችን አንድ ነው።

«ሚካኤል እኮ አለቃ ነው» እላለሁ። «እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ ፊት ፊታቸው የሄደ፣ ሳጥናኤልን ከሰማይ የወረወረ።»

«አለቃማ ነው» ይላል ኪሮስ እየሳቀ። «ሆድህን ሲቆርጥህ ግን አለቃ ዘንድ ነው ወይስ ሐኪም ዘንድ የምትሄደው? በሽታን ሁሉ እንዲያክም የተሾመው ሩፋኤል ነው።»

ለምለም ደግሞ የገብርኤል ናት። «እናንተ ተከራከሩ» ትላለች። «እመቤታችንን እንዲያበሥር ሲላክ የተመረጠው የኔው ነው። የናንተዎቹን ማንም አልጠራቸውም።» እዚህ ላይ ሁለታችንም ጠላችንን እናነሣለን።

እንግዲህ የበሽታው መነሻ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ለግንቦት ሚካኤል ፍየል ልገዛ ወደ ቆላው ጽጽቃ ወረድኩ። ኪሮስ ፍየል ሲመርጥ እጁ ጥሩ ስለሆነ «እባክህ አብረኸኝ ውረድ» አልኩት፣ መጣ። ፍየሎቹን የሸጠልን ሰውዬ እዚያው እፊታችን አልቦ፣ አረፋው ሳይተኛ በዋንጫ በዋንጫ ወተት ሰጠን። ሙቀቱ ገና የፍየሏ ነው። ኪሮስ አንድ ጠጣ፣ እኔ ሦስት። ነፃ ነገር ሲገኝ አንጀቴ ስፋት አለው።

ወር ሳይሞላ ኪሮስ ተኛ። ትኩሳት፣ ላብ፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት። ሐምሌ ላይ ጋዝጊብላ ወረዳ ያለችው እህቱ ዘንድ ሄደ፤ እዚያ የሩፋኤል ጸበል አለ። በሰፈራችን «ኪሮስ ጸበል ገባ» ተባለ። ከዚህ ሌላ የሰማነው የለም።

እኔም ሰኔ ላይ ጀመረኝ። መጀመሪያ ወገቤ ነው። ቀን ቀን ከስፌት መኪናዬ ስነሳ እንደ ተጣጠፈ ጣቃ ቀስ ብዬ ነው የምዘረጋው። ከዚያ ትኩሳቱ መጣ። የሚገርመው ጠባዩ ነው፤ ሳምንት ያንገበግበኝና «ዳንኩ» ብዬ ለሰው ካወራሁ በኋላ ይመለሳል። ላቡ አንሶላ ያስጨምቃል። ሌላም ቦታ አበጠኝ፤ የትኛው ቦታ እንደሆነ ለሐኪም ብቻ ነው የተናገርኩት፣ እሱንም ጣሪያ ጣሪያ እያየሁ።

አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ «ታይፎይድ ነው» አሉኝ። የሰጡኝን ዋጥኩ። ተሻለኝ፣ ተመለሰብኝ። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፤ «ታይፎይዱ አልለቀቀህም» አሉኝ። ሦስተኛው «የሥራህ ጠባይ ነው፣ ወንበርህ ላይ ትራስ ጨምር» አለኝ። ትራስ ጨመርኩ። ትራሱ ተመቸው፣ እኔ አልተመቸኝም። ለምለም ከጥጃነቷ ያሳደገቻት ጊደር በዚህ ሁሉ መሀል ተሸጠች። ለምለም አላለቀሰችም፤ ግን ሦስት ቀን ያህል ከኔ ጋር ስታወራ ስሜን አልጠራችም።

የክሊኒክ አግዳሚ ወንበር ላይ ስቀመጥ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ አወቅሁ። ቀናተኛ ነኝ። ከኔ ኋላ መጥቶ ቀድሞ በተጠራ እቀናለሁ። ቀጥ ብሎ በሚቀመጥ ሽማግሌ እቀናለሁ። አንድ ቀን አጠገቤ የነበረ ገበሬ ወረቀቱን ይዞ ወጣና «ወባ ነው አሉኝ» አለ፣ ተመስገን እያለ። በወባው ቀናሁበት። ቢያንስ የሱ በሽታ ስም አለው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ኪሮስ ተመለሰ። በግድግዳው በኩል ድምፁን ሰማሁት፤ የማር ጣሳ ከአህያ ሲያወርድ እየዘፈነ ነበር። ለምለም ሮጣ ሄዳ አይታው መጣች።

«ጉንጩ ሞልቷል እኮ! ጭራሽ ወጣት ሆኗል!»

«መልካም» አልኩ። እንዴት እንዳልኩት እኔና ትራሴ ነን የምናውቀው።

በዚያ ቀን ማታና በነጋታው ሊጠይቀኝ መጣ። ሁለት ጊዜም ወደ ግድግዳ ዞሬ ተኛሁ። «እንቅልፍ ወስዶታል» አለችው ለምለም። እንቅልፍ የወሰደው ሰው እንደዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ጥርሱን አይነክስም፤ እሷም ታውቃለች።

ጳጉሜን ሦስት የሩፋኤል ዓመታዊ በዓል ነው። ያን ዕለት የሚዘንበውን ዝናብ እንደ ጸበል ነው የምናየው፤ ትልቅ ትንሹ ይወጣና ይጠመቅበታል። እኔም እየተጎተትኩ ወጣሁ፣ ራሴን ገልጬ ቆምኩ። ከኔ ጎን ያለው ሰው ላይ ወፍራም ወፍራሙ ጠብታ ያረፈ መሰለኝ። ከዚያ የሩፋኤል ማኅበር ቤት ገባን። ኪሮስ ተነሣ።

«ወገኖቼ» አለ። «ሞቼ ነበር ማለት ይቻላል። እህቴ ጋ ስደርስ ሁለት ሰው ደግፎኝ ነው ከመኪና የወረድኩት። ሩፋኤል ደጅ ሄድኩ፣ ተጠመቅሁ። ይኸው ዛሬ በእግሬ ቆሜያለሁ!»

እልልታው ጣሪያውን ነቀነቀው። ለምለምም እልል አለች፤ የኔ ሚስት! እኔ ንፍሮዬን እንደያዝኩ ተነሣሁ።

«ወዴት ነው?» አለኝ አጠገቤ ያለው።

«ፍየሎቼን ላስገባ።»

አንድም ፍየል የለኝም። ዝናቡ ላይ ወጣሁና ንፍሮዬ ጨው እስኪያጣ ድረስ እየረጠብኩ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ የለኝም። አንድ መንገድ አብረን ሄድን፣ አንድ በሽታ ታመምን፤ ለሱ መልአኩ ደረሰለት፣ ለኔ ትራስ ታዘዘልኝ። «ጌታዬ ሚካኤል» እያልኩ ስሞታ አቀርብ ነበር፣ «አንተ አለቃ ነህ። የበታችህ እንዲህ ሠርቶ ሲያሳይ ዝም ትላለህ? ማኅበርህ ምን ይባል?» አሁን ሳስበው ሚካኤልን በሹመቱ ነበር የማስፈራራው።

መስከረም ላይ ለምለም ሆስፒታል ወሰደችኝ። አንዲት ወጣት ዶክተር ነበረች። ወገቤን ሳትነካ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «የማን ወተት ነው የሚጠጡት?» ብላ ነው።

«የማንም። የምጠጣው ጠላ ነው» አልኳት።

አልሳቀችም። «ያልተፈላ ወተት ጠጥተዋል?»

ያኔ ጽጽቃ ትዝ አለኝ። ደሜን አስመረመረችው። ብሩሴሎሲስ ይባላል። ከፍየል፣ ከላም፣ ከበግ በጥሬ ወተት ወደ ሰው የሚገባ በሽታ ነው። ትኩሳቱ ይሄዳል ይመጣል፣ ለዚህ ነው በታይፎይድና በወባ የሚሳሳተው። ቆይቶ መገጣጠሚያና ጀርባ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል። «ስድስት ሳምንት ሳያቋርጡ ይውጡ» አለችኝ። «ይሻልዎታል፤ ሲሻልዎት ግን አልዳኑም። ይሄን አደራ።»

አደራውን ለአሥር ቀን ጠበቅሁ። ላቡ ቆመ፣ ወገቤ ላላ። መኪናዬ ላይ ተመለስኩ። እዚያ ላይ ነው ሰይጣን አሳስቶኝ፣ ወይ ሰይጣን ሳያስፈልገኝ እኔው ራሴ፣ እንዲህ ያሰብኩት፦ ይሄን መድኃኒት ጨርሼ ከዳንኩ፣ ኅዳር ሚካኤል ላይ ቆሜ ምን ልበል? «እንክብል አዳነኝ» ልበል? ኪሮስ በጸበል ብቻ ድኖ፣ እኔ በፋርማሲ? የኅዳሩ በዓል ዓመታዊ ነው፣ አገር ይሰበሰባል። የሩፋኤል ማኅበር ቁጭ ብሎ ሊስቅብኝ ነው።

መድኃኒቱን መጣልም ፈራሁ። ሳጥን ውስጥ እንዳላስቀምጥ ለምለም ታገኘዋለች። የመምሬ ታደሰን፣ የንስሐ አባቴን፣ ካፖርት እየሰፋሁ ነበር። እንክብሎቹን በውስጥ ኪሱ ከተትኩና አፉን በቀጭኑ ሰፋሁበት። ሥራው ሲያልቅ ፈትቼ አወጣዋለሁ ብዬ ነው። ለለምለም «እየዋጥኩ ነው» አልኳት። ጠዋት ጠዋት ሚካኤል ጸበል እየሄድኩ፣ በጥቅምት ብርድ ውኃው ጀርባዬ ላይ ሲወርድ «ይኸው፣ ያለ አንድ ፍሬ መድኃኒት ነው፣ ተመልከትልኝ» እል ነበር።

ጥቅምት ሳያልቅ ተመለሰብኝ። የፊተኛው ለካ ጨዋታ ነበር። ከአልጋዬ ጫፍ እስከ በር ያለው መንገድ ላሊበላ ድረስ ሆነብኝ። ግራ እግሬ ደነዘዘ፤ መርፌ ወግቼ ሞከርኩት፣ የሌላ ሰው እግር ነው። ያን ጊዜ ቀልድ አለቀብኝ። እግር የሌለው ልብስ ሰፊ መኪናውን በምን ይረግጣል? ለምለም ሁለቱን ልጆቻችንን በምን ታሳድግ? አለቅሳለሁ፤ ሰው ሲገባ «ሽንኩርት ነው» እላለሁ፣ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ሳይኖር።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ሙሴው ተኝቶ፣ ማኅበሩ ያለ እሱ በላ ጠጣ። እልልታውን ከአልጋዬ ላይ ሰማሁት። ለምለም ስትመለስ አጠገቤ ቁጭ አለችና «አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትቆጣ» አለችኝ።

«ምን?»

«ለሩፋኤል ተስያለሁ። ከተነሣህልኝ ጃንጥላ አገባለሁ ብዬ።»

«ለማን?»

«ሰማኸኝ።»

«የሚካኤል ሙሴ ሚስት ሆነሽ! ለራስሽ ለገብርኤል እንኳ ብትሳዪ!»

«ለገብርኤልም ተስያለሁ» አለች። «ለሚካኤልም። እስቲ ማን ይቆጣኝ? እነሱ እኮ እንደ አንተና እንደ ኪሮስ በግድግዳ አልተከለሉም። አንድ ጌታ ፊት ነው የሚቆሙት። ተኛ አሁን።»

እንደዚያም ሆኖ ቀናሁ። ጃንጥላውን የምሰፋው እኔ ነኝ፣ ለሩፋኤል!

ከሦስት ቀን በኋላ መምሬ ታደሰ መጡ። ካፖርታቸውን ለብሰዋል። ለካ እኔ ስተኛ ለምለም የቀሩትን የካፖርቱን ቁልፎች ሰፍታ አስረክባቸዋለች። እኔ ካፖርቱን ሳይ ብርድ ልብሴን እስከ አገጬ ሳብኩ። እሳቸው በርጩማ ስበው ተቀመጡ፣ ካፖርቱን ከፈቱ፣ ስፌቱን ቀድመው በፈቱት የውስጥ ኪስ እጃቸውን ከተቱና እንክብሎቹን ፍራሼ ላይ ዘረገፏቸው።

«ቅዳሴ ላይ ስሰግድ ደረቴ ኮሽ ኮሽ ይላል» አሉ። «አይጥ የገባ መስሎኝ ሁለት ቀን ፈራሁ። ምንድን ነው ይሄ፣ ሞላ?»

ለምለም እንክብሎቹን አየች፣ እኔን አየች። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘችና ቆመች።

ተናዘዝኩ። ሁሉንም፤ ኪሮስን፣ ሩፋኤልን፣ ንፍሮውን። መምሬ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁን ተዉት።

«ጳጉሜን ላይ ኪሮስ ሲናገር ነበርክ?»

«ነበርኩ፣ አባ።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ... እልልታው።»

«እኔ እስከ መጨረሻው ነበርኩ። ከእልልታው በኋላ ምን አለ መሰለህ? ‹ጸበሉ ቦታ ያገኘችኝ ነርስ ደሜን አስመርምራ የፍየል ወተት በሽታ ነው አለችኝ፣ ሦስት ሳምንት መርፌ፣ ስድስት ሳምንት እንክብል ወሰድኩ፣ እናንተም ጥሬ ወተት አትጠጡ› አለ። አንተ ግማሹን ሰምተህ ሄድክና በግማሹ ልትሞት ነው።»

ለምለምን «አንቺስ አልሰማሽም?» አልኳት። «አንተን ፍለጋ ወጥቼ ነበራ! ፍየልህን ታስገባለህ ተብዬ! ኋላም ‹ሆስፒታል ወስደሽ ደሙን አስመርምሪው› ያለኝ ኪሮስ ነው፤ ስሙን ስጠራ ጥርስህን ስለምትነክስ ደበቅሁህ!» አለችኝ።

መምሬ ቀጠሉ። «ከኛም በፊት በእስራኤላውያን ዘንድ የሚነገረውን ታሪክ ታውቃለህ። አንድ ሽማግሌ ታወረ። ልጁ ሩቅ አገር ሲሄድ ሩፋኤል ሰው መስሎ አብሮት ተጓዘ። ወንዝ ዳር ዓሣ ሲይዙ ሐሞቱን አስቀምጥ አለው። ልጁ ቤቱ ሲመለስ ያንን ሐሞት የአባቱ ዓይን ላይ ቢያደርገው በራለት። መልአኩ ያለ ሐሞት ማብራት አቅቶት ነው?»

«አይደለም፣ አባ።»

«ታዲያ ለምን አስያዘው? መድኃኒትም የእግዚአብሔር ስለሆነ ነዋ! ልጁ እንደ አንተ ሐሞቱን ካፖርት ውስጥ ሰፍቶበት ቢሆን ሽማግሌው እንደታወረ ይቀር ነበር።» ተነሡ። በር ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። «ከመላእክት መሀል ደግሞ የቀና አንዱ ብቻ ነው። የት እንደወደቀ የሚካኤል ሙሴ አይጠፋህም።»

ይሄንን ከሰማሁ በኋላ የወደቀ እንቁላል ነበርኩ።

ወጥተው ሩብ ሰዓት ሳይሆን ኪሮስ ገባ፣ ባጃጅ በር ላይ አቁሞ። ለምለም ናት የጠራችው። ወደ ግድግዳ ልዞር አሰብኩ፤ ወገቤ እምቢ አለኝ። እጁን ከብብቴ ሥር ከተተና እንደ ማር ጣሳ አነሣኝ።

ዶክተሯ ስታየኝ ወዲያው ገባት። «አቋርጠዋል» አለች። «ጀርባ አጥንትዎ ውስጥ ገብቷል። እግርዎ ይመለስ ይሆናል፣ አይመለስም ይሆናል፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን አንድ ቀን ቢዘሉ አልመልስልዎትም።» አሁን መድኃኒቱ የሦስት ወር ሆነ፣ መርፌም ተጨመረበት። መርፌው በየቀኑ ነው፣ መቀመጫ ላይ። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ መርፌ አውቃለሁ ብዬ ነበር። ወጊ መሆንና ተወጊ መሆን ለየቅል ነው።

ኪሮስ በየጠዋቱ ይወስደኛል። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። «በግራ ነው ዛሬ?» ይለኛል። «በቀኝ። ግራው ዓመት በዓል ላይ ነው።» ሲስተሯ ስሜን ስትጠራ እሱም አብሮ ይነሣል፤ የራሱን መርፌ አስታውሶ ቂጡን ያሻል። እንክብሉንም ለምለም በእጇ አፌ ውስጥ ትጨምርና «ምላስህን አውጣ» ትለኛለች፣ እንደ ጥጃ። በሦስተኛው ሳምንት ግራ እግሬ ላይ ጉንዳን የሚሄድ መሰለኝ። ስመለከት ጉንዳን የለም። ለምለምን ጠርቼ «ወጊኝ» አልኳት። ወጋችኝ፤ ጮህኩ። ከዚያ እሷ ነች የጮኸችው፣ በእልልታ።

መጋቢት ሚካኤል ላይ በራሴ እግር ማኅበሩ ቤት ገባሁ። ጾም ስለነበር ንፍሮና ዳቦ ነው። የሩፋኤልን ማኅበር በሙሉ ጠርቼ ነበር። ተነሣሁና ሁሉንም ተናገርኩ፤ ወተት አፍሉ፣ መድኃኒት ጨርሱ፣ ምስክርነት ስትሰሙ እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። ሰዉ እየሳቀ እንባውን ጠረገ። እልልታው እንደ ኪሮሱ ጣሪያ አልነቀነቀም፤ ልብ ብዬ አዳምጬዋለሁ። ሰው ነኝ እንግዲህ።

ሲመሽ ከኪሮስ ጋር ቀስ እያልን ወደ ቤት ሄድን። እኔ እስካሁን ዳገት ላይ አርፋለሁ። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥንና «ይቅር በለኝ» አልኩት። «በጣም ቀንቼብህ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «ሰቆጣ በሙሉ ያውቃል።»

ከዚያ ኪሮስ ወደኔ ሳያይ እንዲህ አለኝ፦

«መጀመሪያ ስታመም በየቀኑ ትመጣ ነበር። አንተም እያመመህ፣ እያነከስክ ትመጣና ታስቀኝ ነበር። ድኜ ስመለስ ቀረህ። እውነቱን ልንገርህ ሞላ፣ አንዳንድ ቀን በግድግዳው በኩል ስታቃስት እየሰማሁ፣ ምነው ትንሽ ባመመኝ እል ነበር።»